ጠፋ የተባለው ቁልፍ

ደብረ ታቦር ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኦፕሬቲንግ ሲስተም ደኅንነት አስተምራለሁ። አንድ ጠዋት የጉና ተራራ ጉም እስከ መስኮታችን ወርዶ ክፍሉ ደመና ላይ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። ላፕቶፖቻቸውን በየተራ እከፍታለሁ፤ የይለፍ ቃል ያላበጀ ዜሮ እንደሚያገኝ ነግሬያቸዋለሁ። የአንዱ ልጅ ግን ገና ስነካው ተከፈተ። «የይለፍ ቃልህስ?» አልኩት። «እየረሳሁት ተቸገርኩ፣ መምህር። አነሳሁት።» «ዳዊት በቃሉ የሚደግም ልጅ አንድ ቃል ጠፋበት!» አለች አንዷ ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ። ያልሳቀው አጠገቡ የተቀመጠው፣ ከእብናት የመጣው ልጅ ብቻ ነው። የራሱ ላፕቶፕ የለውም። አንገቱን ደፋ።

ዜሮውን ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ። በዚሁ ከተማ ተማሪ ሳለሁ ከገሳይ ከመጣ አንድ ልጅ ጋር ክፍል ተከራይተን ነበር። ለእሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ይመጣለታል፤ ለእኔ የሚልክ አልነበረም። ሣጥኑን ሁልጊዜ ይቆልፍ የነበረው ልጅ አንድ ቀን «ቁልፉ ጠፋብኝ» አለና ዓመቱን ሙሉ ሳይቆልፈው ቀረ። ሲወጣ ጠብቄ ከዳቦ ቆሎው እዘግን ነበር። ራሴን እንደ ሌባ ቆጥሬ፣ እስከዚያች ጠዋት ለማንም ሳልናገር ኖርኩ። ጉሙ በመስኮቱ ሲያልፍ ያ ሣጥን ክዳኑ ገርበብ እንዳለ ታየኝ። ቁልፉ ጠፍቶ አልነበረም። እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። «ነገ ሁለታችሁም ኑ» አልኳቸው ልጁንና አጠገቡ ያለውን፤ «አንድ ላፕቶፕ ለሁለት ሰው ሁለት የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚበጅለት አሳያችኋለሁ።»