ለአስናቀች ማን ይግባላት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ሰው ብቻውን አይታመምም ነበር። አንዱ ሲተኛ ሰፈሩ አልጋው ዙሪያ ይቆማል፤ ይህንኑ ካምፓላ ድረስ ይዘነው መጣን። እና ያ ኮረብታው ላይ ያለው ሆስፒታል፣ ሚሲዮኖች የሠሩት፣ ግማሻችሁ የተወለዳችሁበት፣ ስንት ዓመት ቻለን። ነርሶቹ የእኛን በሽተኛ በስም አይፈልጉም፤ ሰው የከበበውን አልጋ ማየት ነው።

ታዲያ ኮሮና መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ታክሲ የለ፣ የቦዳ ሞተርም ሰው አይጭን፤ በዚያው ሰሞን ይህችን አስናቀችን፣ ባለቤቴን፣ ትርፍ አንጀት ያዛት። ፈቃድ ያለው መኪና ለምነን አደረስናት። እዚያ ደግሞ ደንብ አለ፣ ታውቁታላችሁ፤ በሽተኛ ያለ አስታማሚ አይተኛም። የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሲብስበት ሐኪም የሚጠራው አስታማሚው ነው። በኮሮና ደንቡ ጠበቀ፤ አስታማሚ አንድ ብቻ፣ ለሴቶች ክፍል ደግሞ ሴት። እኔ ቀረሁ ማለት ነው።

ነርሷ በሩ ድረስ መጣች። "ሙዜ፣ አባቴ፣ ሐኪሙ የያዘውን ሲጨርስ ተረኛዋ እሷ ናት። አጠገቧ ሰው ካላገኘ ሌላ በሽተኛ ያስገባል" አለችኝ። አንጀቱ ከፈነዳ ምን እንደሚሆን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የእኛ ሰው በእግሩ መጥቶ በሩን ሞልቶታል። ለመግባት የተዘጋጁት ሁለት ናቸው፤ እትዬ ጽጌ፣ የሁላችን ታላቅ፣ እና ራሔል፣ ጎረቤታችን።

"እትዬ፣ ይግቡ።"

"ኧረ አንቺ ግቢ። ጎረቤቷ አይደለሽም?"

"እርስዎ ቆመው እኔ? እንዴት ተደርጎ።"

"ግቢ አልኩሽ እኮ።"

"በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

ፈርተው እንዳይመስላችሁ። ቢፈሩማ አንዷ ወደ ቤቷ ትሄድና ነገሩ ያልቅ ነበር። ዘበኛው ግራ ገባው።

"ሴቦ፣ ጌታዬ፣ እየተጣሉ ነው?"

"አይ፣ እየተከባበሩ ነው" አልኩት።

እኔም ያው የዚያው አገር ሰው ነኝ፤ አንዷን ብመርጥ ሌላዋ ትቀየማለች ብዬ ቆሜያለሁ። ይኸኔ ናካቶ ከውስጥ ወጣች። ኦዊኖ ገበያ ከአስናቀች ጎን ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ ኡጋንዳዊት ናት፤ አክስቷን አስታማ ጨርሳ፣ ምንጣፏን በብብቷ፣ ሳፋዋን በጭንቅላቷ ይዛ ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው።

"ማን ታሞ ነው?"

"አስናቀች። አስታማሚ ካልገባላት ተራዋ ሊያልፍ ነው።"

"እነዚህ ሁለቱ እምቢ አሉ?"

"የለም፣ ሁለቱም እሺ ብለዋል።"

"ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?"

"ችግሩ እሱ ነው።"

ጥቂት አየችን። ከዚያ ሳፋዋን እንደተሸከመች ዞረችና ዘበኛውን "እህቴ ናት" አለችው። ዘበኛው አስናቀች ስትገባ አይቷታል፣ ናካቶንም እያያት ነው፤ ግን በሩን ከፈተ።

እና ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። ናካቶ አጠበቻት፣ ማቶኬ ቀቅላ አበላቻት፤ ስንት ዓመት "ሙዝ ደግሞ ምሳ ይሆናል?" ስትል የኖረች ሴት ዝም ብላ በላች።

መንገድ ሲከፈት ማኅበራችን ተሰበሰበ፤ ለወደፊቱ ማን እንደሚያስታምም ቀድሞ ይወሰን ተባለ። ታዲያ ስብሰባውን ማን ይምራ? "እርስዎ ይምሩልን"፣ "ኧረ ታላላቆች እያሉ"፣ እንዲህ ሲባል ሊመሽ ሆነ። አስናቀች ቁስሏን ይዛ ከጥግ ተነሣችና "ናካቶን ጥሩልኝ" አለች።

ጠራናት። እስከ ዛሬ ማን እንደሚገባ የምትመድበው እሷ ናት። አማርኛ አትችልም። ለዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ ችሎታ አላየሁም።