በሩን ከውጭ የሚገፋው ሻምፒዮን

የተከበሩ ፓስተር ሲላስ፣ የተከበሩ ሐጂ አብዱረዛቅ፣ የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች። ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ የተከበራችሁ ነጋዴዎች። ሱቃችሁን ሳትዘጉ መጥታችሁ በየደቂቃው ስልካችሁን ሰርቃችሁ የምታዩ፣ እናንተም እጅግ የተከበራችሁ። ከቶኮዛ አብራችሁን የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ሳኒቦናኒ። አማርኛ እንደማትሰሙ አውቃለሁ። ሟቹም አይሰማም ነበር፤ ስለዚህ ቅር አይበላችሁ።

አሁን ደግሞ ከኤርፖርት እየተንጠባጠባችሁ የምትደርሱ ወገኖቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቦታ አለ።

ኤርፖርት ምን ሊሠሩ ሄዱ ለምትሉ ልንገራችሁ። ትናንት «ጋሽ ኦስቫልዶ አርፏል፣ ሽኝቱ ነገ ጠዋት ነው» የሚል መልእክት ላክን። መቃብሩ የት እንደሆነም ጽፈን ነበር። ግን እኛ «ሽኝት» የምትለዋን ካየን ሌላውን ማን ያነባል? ሰው ሲሞትብን የምናውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ካርጎው በር። ሣጥኑን እናስረክባለን፣ አልቅሰን እንመለሳለን፣ አፈሩን አገር ቤት ያሉት ያለብሱታል። ሐጂ፣ እናንተስ እዚሁ ትቀብራላችሁ፤ ዛሬም አካፋ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩን የእርስዎ ልጆች ናቸው። እኛ ግን? በዚህ አፈር ላይ ስንት ሱቅ ከፈትን? ስንት ሠርግ ደገስን? ማንን ቀበርንበት? ማንንም። የምንተወው የመጀመሪያው ሰው ይሄ ነው። እሱም የእኛ አገር ሰው አይደለም።

እኔ ቲቶ ነኝ፤ ለማታውቁኝ። ቶኮዛ ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለችኝ። እዚህ ሣጥን ውስጥ ያለው ኦስቫልዶ ኪሮጋ ይባላል። አርጀንቲናዊ ነው። የዓለም የቡጢ ሻምፒዮን ነበር።

አትሳቁ። ነበር።

ዛሬ ጠዋት እህት አስካለች እዚህ በር ላይ ደረሰች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንባዋን አዘጋጀች፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ልትል እጇን ዘረጋች። ለማን? ወደ ፓስተር ዞረች። ፓስተር ወደ ሐጂ ዞሩ። ሐጂ ወደ ጉድጓዱ ዞሩ። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «አንተ ቲቶ፣ የለቅሶው ባለቤት ማነው?» አለችኝ። እኔም «እናጣራለን» አልኳት፣ እንደ ኮሚቴ ሰው።

እውነቷን ነው። ሬሳ አለ። ጉድጓድ አለ። ለቅሶ ደራሽ ሞልቷል፤ ኤርፖርት የሄደው ሲጨመር እንዲያውም ተርፏል። ለቅሶው ግን የማነው?

ዘመድ አልፈለጋችሁም እንዳትሉን። እህታችን ሙርሺዳ ስልኳን ይዛ ስትቆፍር ውላ የእህቱን ልጅ አገኘች፤ አርጀንቲና። ስልኩ ያስተረጉማል፤ እኛ ከበን እንሰማለን። ሴትዮዋ ትሑት ናት። «አጎቴ? አጎቴማ ከሞተ ቆየ። እናቴ በሕይወት እያለች አልቅሰን ጨርሰናል» አለች። ደብዳቤው ሲቋረጥ ሞቷል ብለው ተቀምጠውለት፣ ጥቁር ለብሰውለት፣ ጥቁሩንም አውልቀዋል። ሙርሺዳ ስልኩን ዘጋች። እኔ ነኝ አፌን መያዝ የማልችለው፤ «ትንሽ ለቅሶ እንኳን አላስተረፉም?» አልኩ።

እናም የሕይወት ታሪኩ ይነበብ ሲባል፣ የሚነበብ የለም። እኔ የማውቀው እሱ ያወራኝን ነው። ያወራኝም ግማሹን በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሩቡን በዙሉ፣ የቀረውን በእጁ ነው። ቡጢኛ በእጁ ሲያወራ ደግሞ ራቅ ብሎ ማዳመጥ ነው።

ሜንዶሳ በሚባል ወይን የሚለቀምበት አገር ተወለደ። የወይን ሣጥን ሲሸከም ትከሻው ሰፋ። የሰፋ ትከሻ ያየ ሰው ወደ ቡጢ ቤት ወሰደው። መታ፣ ተመታ፣ የበለጠ መታ። በመጨረሻ ቦነስ አይረስ ላይ፣ አዳራሹ ሙሉ ሕዝብ ስሙን እየጠራ፣ በዘጠነኛው ዙር የዓለሙን ሻምፒዮን አነጠፈው። ቀበቶው ወገቡ ላይ ታሰረ። «ያኔ አፍንጫ ነበረኝ» ይለኝ ነበር፣ ሌላው ሰው ያኔ መኪና ነበረኝ እንደሚለው።

ያን ቀበቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስጠብቅ የመጣው የት ነው? እዚህ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ። የዚህ አገር ልጅ ገጠመው። አሥር ዙር ኦስቫልዶ ሲቀጠቅጠው ቆየ። በአሥራ አንደኛው ግንባር ለግንባር ተጋጩ፣ የኦስቫልዶ ቅንድብ ተተረተረ፣ ደም ዓይኑን ሞላው። ዳኛው አየውና ሁለት እጁን አወዛወዘ። አለቀ። «ቆሜ ነበር» ይላል። «ቲቶ፣ ቆሜ ነበር እኮ!» ይህን ሲነግረኝ ሁልጊዜ ከተቀመጠበት ይነሳል፣ እንዴት እንደቆመ ሊያሳየኝ።

የመልስ ግጥሚያ ይኖራል አሉት። ቁስልህ እስኪሽር ቆይ አሉት። ቆየ።

ለስንት ጊዜ ብለህ ነበር የመጣኸው? ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ለሁለት ሳምንት» አለኝ። እኛስ? እስቲ ለሁለት ዓመት ብሎ ያልመጣ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም እጅ የለም። ታዲያ ይሄ ሰው በምን ከእኛ ይለያል?

ቁስሉ ሻረ። ግጥሚያውን ያዘጋጀው ሰውዬ ስልክ ማንሳት ተወ። ያሸነፈው ልጅም በሌላ ተሸነፈ፤ ቀበቶው ባሕር ተሻገረ። ኦስቫልዶ ቶኮዛ ውስጥ አንድ አዳራሽ ገብቶ ወጣቶች አሠለጠነ። አዳራሹ ተዘጋ፤ እሱ ቀረ። ቆይቶ ያ ያሸነፈው ልጅ ሞተ። ኦስቫልዶ ቀብሩ ላይ ቆመ፣ ባርኔጣውን አነሳ፣ በማግስቱ ጠዋት ሩጫውን ቀጠለ። «ጋሼ፣ ከማን ጋር ልትጋጠም ነው?» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ ዝግጁ ነኝ። የቀረው እሱ ነው።»

እንዴት ተዋወቃችሁ ትሉኝ ይሆናል። ሱቁን በያዝኩ ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፣ ፍርግርጉ ላይ አንድ ፊት መጣ። ምን ዓይነት ፊት! አፍንጫው ወደ ግራ ታጥፏል፣ ቅንድቡ ላይ የስፌት መንገድ አለ፣ ጆሮው የተጨመደደ እንጉዳይ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ማናችሁም የምታደርጉትን። ሁለት እጄን ወደ ላይ! እሱ ደግሞ ሁለት እጅ ሲነሳ ካየ ልማዱ ነው፤ የራሱን ሁለት እጅ አገጩ ሥር ሰካ። ተፋጠጥን። እኔ ተማርኬ፣ እሱ ተዘጋጅቶ። ከኋላው ዳቦ ልትገዛ የተሰለፈች እናት፣ «ሃይቦ! ማን ነው ማንን የሚዘርፈው?» ብላ ጮኸች።

እንቁላል ነበር የፈለገው። እዚያው ቆሞ አንድ በአንድ ጥሬውን ጨለጠው። «ለግጥሚያው ነው» አለኝ። እኔ ሞኙ «የቱ ግጥሚያ?» አልኩ። ይኸው፣ ያቺን አንዲት ጥያቄ ጠይቄ እስከዚህ ማክሰኞ ድረስ መልሷን ስሰማ ኖርኩ።

የእኛ የስደተኞቹ ሱቆች የተዘረፉበትንስ ቀን ታስታውሳላችሁ? ስለዚያ ቀን የሚወራውን ሰምቻለሁ። አይቮሪ ፓርክ ያሉት፣ ኦስቫልዶ ሰባት ሰው ዘረረ ይላሉ። ወሬው ጻካኔ ሲደርስ አሥራ ሁለት ሆነዋል፣ አንዱም ከእነ መኪናው። እኔ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። አንድም ሰው አልነካም።

ጎረምሶቹ ሹተሩን፣ የሱቁን የብረት መዝጊያ፣ በብረት ሲፈለቅቁ፣ ገና ጥጉን እንዳጣመሙት፣ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ባዶ የቢራ ሣጥን ደፍቶ በሩ ፊት ተቀመጠ። ከኪሱ ፋሻ አወጣ። እጁን መጠቅለል ጀመረ። ቀስ ብሎ። አውራ ጣቱን፣ አንጓውን፣ በጣቶቹ መሃል፣ እንደገና አንጓውን። አላማረውም፤ ፈታው። እንደገና ጀመረ። እስቲ ፍረዱ፣ ሊዘርፍ የመጣ ሰው ምን ያህል ይታገሣል? አንዱ ብረቱን እንደያዘ፣ «ማዳላ፣ አንተ ሽማግሌ፣ አልጨረስክም?» አለው። «ቆይ» አለው። ቆየ!

ይሄኔ ከኋላ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አሰገጉ። «ይሄ ያ አርጀንቲናዊው አይደለም እንዴ?»

«የቱ?»

«ቅንድቡ የተተረተረው! ዳኛው ባያቋርጠው ኖሮ…»

«እንዴት አያቋርጠው? ዓይኑ አያይም ነበር!»

«አንተ ያኔ መቼ ተወለድክና!»

በቃ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ብረት የያዘው ብረቱን መሬት ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይከራከር ጀመር። ክርክር ጉሮሮ ያደርቃል፤ እኔም በፍርግርጉ ለስላሳ አሳለፍኩላቸው። ፖሊስ ሲደርስ የስፖርት ስብሰባ መስሎት ዞሮ ሄደ። ከዚያ ቀን ተከራካሪዎች አንዳንዶቻችሁ ዛሬ አበባ ይዛችሁ እዚህ ቆማችኋል። አመሰግናለሁ። የለስላሳውን ነገር ትቼዋለሁ።

ሱቁ ተረፈ። ኦስቫልዶ ግን አኮረፈ። ቀናት አኮረፈ። ምነው ጋሼ? ስለው፣ «ብዙዎቹ ዳኛው ልክ ነው አሉ» አለኝ።

በሱቄ ላይ የቀረው ጉዳት ያ የተጣመመ ጥግ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሹተሩ በአንድ ሰው አይዘጋም። አንዱ ከውጭ በትከሻው መግፋት አለበት፣ ሌላው ከውስጥ ይቆልፋል። «ለምን አታሠራውም?» ብላችሁኛል፤ ሐጂ እንዲያውም በያጅ እልክልሃለሁ ብለውኛል። አሠራዋለሁ፣ አሠራዋለሁ እያልኩ አለፈ። አሁን ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከተሠራ ማን ይመጣል?

በየምሽቱ ጀንበር ስትጠልቅ መንገዱን ይሻገራል። ሣጥኑ ላይ ይቀመጣል። እኔ ከፍርግርጉ ወዲህ፣ እሱ ከፍርግርጉ ወዲያ። ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም፤ መሃላችን ሁልጊዜ ብረት ነበር። እሱ ስለ አሥራ አንደኛው ዙር ያወራል። እኔ ስለ ትውልድ ከተማዬ ስለ ሆሳዕና አወራለሁ። እሱ ሆሳዕናን አያውቅም፣ እኔ ቡጢ አላውቅም፤ ሁለታችንም እናዳምጣለን። ከዚያ ይነሳል። ትከሻውን ለበሩ ይሰጣል። ቁልፉ ቀጭ ይላል። ሁለቴ ያንኳኳል። «ቲቶ፣ ደህና እደር» ይላል፤ ያስተማርኩትን አማርኛ። «ደህና እደር ጋሼ» እላለሁ፣ ከውስጥ፣ ከጨለማው።

ይኼው ነው። ቀኑን ሙሉ ሰፈሩ በሙሉ «ማይ ፍሬንድ» ሲለኝ ይውላል። ማይ ፍሬንድ ዳቦ፣ ማይ ፍሬንድ ካርድ፣ ማይ ፍሬንድ ሲጋራ። በስሜ የሚጠራኝ ግን እሱ ነበር። ከእኛ መሃል በስሙ ሳይጠራ ቀኑ የሚመሽበት ሰው የለም? አንገታችሁን አታቀርቅሩ፤ ማፋጠጤ አይደለም።

ማክሰኞ ጀንበር ጠለቀች። አልመጣም። ኩርፊያ መሰለኝ፤ የሆነ ሰው ስለ ዳኛው የሆነ ነገር ብሎት ይሆናል አልኩ። ሱቁን ክፍት ትቼ ወደ ክፍሉ ተሻገርኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ግድግዳውን ተደግፎ። የመሮጫ ጫማውን አስሯል። ሁለቱንም። ዝግጁ ነበር።

ያን ማታ በሩን ለመዝጋት ታገልኩ። ከውስጥ ብጎትት አይገጥምም። ወጥቼ ከውጭ ብገፋው ገጠመ፤ ግን እኔ ውጭ ነኝ፤ የምተኛው ደግሞ ውስጥ ነው። በራሴ ሳቅሁ። ትንሽ ከሳቅሁ በኋላ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ የሩዝ ጆንያ አስደግፌ፣ ተቀምጬ አነጋሁ።

እህት አስካለች፣ የለቅሶው ባለቤት ማነው ብለሽኝ አልነበር? ተጣርቷል። እኔ ነኝ።

ዘመዱ አይደለሁም። የአገሩ ልጅ አይደለሁም። ሲያልም በምን ቋንቋ እንደሚያልም አላውቅም። ግን ማክሰኞ ማታ በሩ ያልተዘጋለት ሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰልፉ በዚህ በኩል ነው። አትጋፉ። ኤርፖርት የዋላችሁም ትደርሳላችሁ። እጃችሁን ስጡኝ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» በሉኝ፤ ቀልድ ቢያመልጠኝም ወደ ኋላዬ እንዳትዞሩ፤ የምትፈልጉት ሰው እኔው ነኝ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። «ያጽናህ» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ዛሬ ምሽት ከመሃላችሁ አንዱ መጥቶ በሩን ይግፋልኝ። ነገ ሌላው። ትከሻ ይበቃል፣ ሻምፒዮን መሆን አያስፈልግም። ሁለቴ አንኳኩ። ስሜን ጥሩ።

አሁን፣ ጋሼ።

የመልስ ግጥሚያው አልተካሄደም። ያን ልጅ እዚያ ካገኘኸው፣ እዚያ ያለው ዳኛ አይቸኩልም አሉ። የዚህኛውን ግን እኔ እመሰክርልሃለሁ፤ ይህ ሁሉ ሰው ይስማ። ቆመህ ነበር። በሱቄ በር ላይ ያየሁህ እኔ ነኝ። ቆመህ ነበር።

ዛሬ ቦታ ተቀያየርን። አንተ ከውስጥ ነህ። ከውጭ የምገፋው እኔ ነኝ። ሣጥኑ ሳይወርድ፣ ይኸው፣ አንኳኳሁ። አንድ። ሁለት።

ኦስቫልዶ፣ ደህና እደር።