የ3746 ብሎን

ሄሎ? ... አዎ፣ ሮስዊታ ነኝ። ማን ልበል? ... ቮልክማር! በእሁድ ቀትር? ... ደህና ነኝ። ... እውነቴን ነው፣ ደህና ነኝ። ኤክሃርት ባሌን ከቀበርን ወዲህ በእሁድ ደውለህልኝ አታውቅም፤ ደንግጬ ነው። ሰው ሞተ እንዴ?

... እሺ፣ ማንም ካልሞተ ጥሩ።

— ሂልትሩድ፣ ድንቹን ጨምቂው እንጂ! ውሃው እንዳለ አታድቦልብዪው! — እህቴ ናት፣ ከማይኒንገን መጥታ ምሳ እየሠራን ነው። ... አይ፣ አላስቸገርከኝም። ቀጥል።

... ምን አገኘህ? ... ሰባ አንድ ሞዴል? ቁጥሩስ? ... ሦስት ሺህ ሰባት መቶ አርባ ስድስት። ... ቆይ፣ ቆይ። የአልቢን ጠመንጃ? ያ ጎተራ ውስጥ የመዘገብነው? ... ምን ነካህ! ሽማግሌው ሞቶ ቤቱ ሲጸዳ ወዴት እንደገባ የሚያውቅ ጠፍቶ፣ ኤክሃርት ዓይኑን እስኪከድን ሲያፈላልገው አልነበር? ከማን አገኘኸው?

... ከወንድሙ ልጅ። ... አልቢን ወንድም ነበረው እንዴ? ... አይ፣ ዝም ብዬ ነው። እኔ የማውቀው አንዲት እህት ነው፣ እሷም ሳታገባ ሞተች። ... እሺ፣ የአክስቱ ልጅ ይሁን። ቅድም የወንድሙ ልጅ ስላልከኝ ነው።

... እና እኔ ምን ላድርግ? ... ጠመንጃው ያ ራሱ ነው የሚል የምስክር ደብዳቤ። ... ለቅዳሜ ጨረታ! አንተ ደግሞ ስትቸኩል። ... አዎ፣ እንደ በፊቶቹ እፈርምልሃለሁ፣ ምን ገዶኝ። መጀመሪያ ግን ቁጥሮቹን ንገረኝ። ጠመንጃው አጠገብህ ነው? ... ፊትህ ተጋድሟል። ጥሩ። የተመዘገበበትን ካርድ ላውጣ፣ እንዳትዘጋው።

— ሂልትሩድ፣ ሦስተኛዋን መሳቢያ ሳቢልኝ። ... በክርንሽ! ሊጥ እንዳታስነኪያት። —

ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... አገኘሁት። አንተ ከጠመንጃው አንብብ፣ እኔ ከካርዱ አያለሁ።

... ሰደፉ ላይ ዘጠና ስድስተኛ ሬጅመንት፣ ሦስተኛ ሻምበል፣ የመሣሪያ ቁጥር አሥራ ሰባት። ልክ ነው። ... የሰደፉ ብረት አርባ ስድስት። ልክ። ... የምላጩ ቀለበት አርባ ስድስት። ... ቃታው አርባ ስድስት። ... አዎ፣ መወልወያ ዘንጉም። እሱማ ደንቡ ነው፤ የጠመንጃው ቁጥር መጨረሻ በየዕቃው ላይ ይመታል፣ እስከ ብሎኑ ድረስ።

... አንድ ነገር ልጠይቅህ? ከሰደፍ ለምን ጀመርክ? ... አይ፣ አንተን ሳውቅህ ከቃታ ነው የምትጀምረው። ሰው ሁሉ ከቃታ ወይም ከበርሜል ነው። ከሰደፍ የሚጀምር የኔ ባል ብቻ ነበር፤ ወገቡን ስለሚያመው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከታች ነው የሚነሳው። ካርዶቹም የተጻፉት በዚያ ተራ ነው። ... ከሱ ተማርክ። እሺ። ሰው በሰባ ዓመቱም ይማራል።

... አልተቆጣሁም። ድምፄ እንዲህ ነው።

... አልሰማሁህም፣ ድገመው። የቃታው መያዣ ብሎን ላይ ምን? ... ስልሳ አራት።

... ሰምቼሃለሁ። ... አዎ፣ ካርዱም ስልሳ አራት ይላል።

... ገባኝ እኮ። ሌላው ሁሉ አርባ ስድስት ሆኖ ብሎኑ ብቻ የሌላ ጠመንጃ ነው፤ ካርዱም ይህንኑ ይላል፤ ስለዚህ ጠመንጃው ራሱ ነው። ... አስመሳይ ቢሆን አርባ ስድስት ብሎ ይመታው ነበር። ... እውነትህን ነው። ጎበዝ። በደንብ አስበህበታል።

ብሎኑን በማጉያ አይተኸዋል? ... ስድስቷ ከፊት፣ አራቷ ከኋላ? ... ጠርዟስ ተበልቷል ወይስ ጥርት ብላ ትታያለች? ... ጥርት ብላ። መቶ ሠላሳ ዓመት መፍቻ የዞረባት ብሎን፣ ጥርት ብላ። ... አይ፣ ምንም። ካርዶቹን አንተ ጋ ሳሉ፣ ግልባጩንም ቢሆን፣ ከአንተ ሌላ ያየ ሰው አለ? ... ማንም። እስክትመልሳቸው ከቁም ሳጥንህ አልወጡም። ማልልኝ። ... ማልክ።

— ሂልትሩድ፣ ምድጃውን አጥፊው። ... አጥፊው አልኩ፣ ምሳው ይቆይ። ጥቁሩን መዝገብ አምጪልኝ፣ አልጋዬ ራስጌ ካለው ሳጥን። —

... እህቴን ነው ያናገርኩት። ... መዝገብ ነው ያልኩት፣ አዎ። ካርዶቹን፣ ኤክሃርት በተቀበረ በሳምንቱ፣ "ኮምፒውተር ላይ ልገልብጥልሽ" ብለህ ወሰድክ። ስድስት ሳጥን ገልብጠህ መለስክ፣ እኔም መረቅኩህ። መዝገቡን ግን አልጠየቅከኝም። መኖሩንም የምታውቅ አይመስለኝም።

... አይ፣ አሁን አንተ ትሰማለህ። ያን ጥር በአልቢን ጎተራ ውስጥ ውርጩ አጥንት ይሰብር ነበር። ኤክሃርት እያየ ይጠራል፣ እኔ ወፍራም ጓንት አድርጌ እጽፋለሁ። "ስድስትና አርባ" ሲለኝ፣ እጄ ጆሮዬ እንደሰማው ስድስቷን አስቀድሞ ስልሳ አራት አደረገው። አርባ ስድስትን ከስድስቱ ጀምሮ በሚጠራ ቋንቋችን ያልተሳሳተ ማን አለ? ቤት ገብቶ ፎቶውን ሲያጥብ ነው ያየው። ሳምንቱን ሙሉ "ወይዘሮ ስልሳ አራት" እያለ ሳቀብኝ። ካርድ ደግሞ አይሰረዝም፣ የሱ ሕግ ነው፤ እርማት የሚገባው መዝገቡ ላይ ነው። ይኸው ገልጬዋለሁ፣ ፎቶውም ተለጥፏል። የአልቢን ብሎን እንደ ሌላው ሁሉ አርባ ስድስት ነው ቮልክማር።

ስለዚህ ንገረኝ። የኔን ስህተት ብሎን ላይ የመታው ማነው?

... የአክስቱ ልጅ አታሎህ ነው? ታዲያ ካርዱን ከየት አየው? አሁን አይደል ማንም አላየም ብለህ የማልከው?

... አትጩህብኝ። ... ሌባ አላልኩህም፤ ቃሉን አንተ ነህ ያመጣኸው። ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ብረት ላይ ቁጥር ስትመታ የኖርክ ሰው ነህ፣ እኔ ምን ልጨምር?

... ወዳጅነት አታንሳብኝ። የአስከሬኑን ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ ነህ እኮ። ኤክሃርት "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ባለኝ ቁጥር፣ "ቮልክማርንም?" ብዬ የምጣላው እኔ ነበርኩ። ያመኛል፣ ትሰማለህ? እንዲህ ያለ ነገር ያመኛል።

... አልፈርምም። ... ማንም አያውቅም? እኔስ ማን ነኝ? ካርዶቹ የተሰበሰቡበት የኔና የኤክሃርት መጽሐፍ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሠላሳ አንድ ዓመት የለፋንበት፣ ሺህ አንድ መቶ ጠመንጃ። ሰው አንድም ጠመንጃ ሳያይ እኛን አምኖ ነው የሚያነበው። አንድ ውሸት ከገባበት ሌላውም ውሃ አይቋጥርም።

... አንድ ጊዜ ብቻ? ... መጀመሪያህ ነው? ... ቆይ። ቆይማ። ባለፈው ዓመት ሰባት ደብዳቤ ፈርሜልሃለሁ። ሰባቱም ከካርዱ ጋር ልክ ነበሩ፣ አንዲት ቁጥር አልተዛነፈችም። ደስ ብሎኝ መዝገቡን እንኳ አልገለጥኩም። መቃብሩ ድረስ ሄጄ "የጠፉብህ እየተገኙልህ ነው" ብዬ ነግሬዋለሁ።

... ሰባቱስ? ... ቮልክማር፣ የጠየቅኩህን መልስልኝ። ሰባቱስ? ... ሄሎ? ... ሄሎ?

— ዘጋብኝ። ... ተዪኝ፣ አላለቅስም። የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ጋ ደውዪልኝ። ... እሁድም ቢሆን፣ ቤቱ ደውዪ። መጽሐፉ ነገ አይታተምም በዪው። ... ለምን ካለሽ? ቮልክማርን አታንሺ። ተገኙ ተብለው መጽሐፉ ውስጥ በገቡት በሰባቱም ደብዳቤ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው፤ እሱን ንገሪው።