የኮከቡ ሰው ግእዝ

የምትስቁ ከሆነ አልነግራችሁም። እኔ ቅኔ የማስተምር ሰው፣ ወደ ከዋክብት ስለሚጓዙ ሰዎች ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን ያንን ተከታታይ ድራማ ለመስማት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንፋስ መውጫ፣ ራዲዮ ካለው የወረዳ ጸሐፊ ቤት እሄድ ነበር። ዓመት ሙሉ አንድም አላመለጠኝ። የደብሩ ካህናት «ውሸት ነው» ቢሉኝ፣ «እግዚአብሔር እዚያ ሰው ቢፈጥር እናንተን ሊያስፈቅድ ነው?» ብዬ ተጣልቻቸዋለሁ።

በመጨረሻ መንኮራኩሯ አንድ ኮከብ ላይ አረፈችና የአገሩ ሰው እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ። አሁን ሊናገር ነው ብዬ ትንፋሼን ዋጥሁ። ምን ቢል ጥሩ ነው? «አነ መጽአ ኀቤክሙ!» በግእዝ! ግን ምን ዓይነት ግእዝ? «እኔ ወደ እናንተ መጣ» ማለት እኮ ነው! «መጻእኩ በል፣ አንተ!» ብዬ ራዲዮኑ ላይ ጮህሁበት፤ በመቋሚያዬም መሬቱን መታሁት።

ጸሐፊው ሳቁን መያዝ አቃተው። «የኔታ፣ ይተዉት እንጂ! የሌላ ዓለም ሰው አይደል? እዚያ እንዲህ ይሉ ይሆናል።»

«ምን ይላሉ? ያለ ክንፍ በረሩ ስትሉኝ ዝም አልሁ። ሁለት ፀሐይ ወጣ ስትሉኝም ዝም አልሁ። እኔ ዘንድ ትናንት ግስ የጀመረ ተማሪ የማይስተውን ሲስት ግን ዝም አልልም!» ብዬ ጋቢዬን አንስቼ ወጣሁ።

ከስንት ካህን ጋር ያጣላኝ የኮከብ ሰው፣ አፉን ቢከፍት የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ አረፈው!