ሥራ ያገኘሽ መስሎኝ

በዓይን ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ የተጨመረላቸው ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ይደረደራሉ። ጠብታው እስኪለቅ ድረስ ጋዜጣ ማንበብ የለ፣ ስልክ መነካካት የለ፣ የሰው ፊት መለየት እንኳ የለ። የሚቀረው ወሬ ብቻ ነው። እኔም ከመሀላቸው ተቀምጬ፣ ዓይኔ በዚያው ደብዝዞ ቢቀርስ እያልኩ እጨነቅ ነበር። ልጄ ክንዴን ይዛ አጠገቤ ናት።

«እማዬ፣ ነርሷ እኮ እስከ ከሰዓት ይለቃል ብላለች።»

«ለሌላው ይለቃል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ነው ነገር የሚበላሸው።»

ይህን ስል በግራዬ የተቀመጠች ሴት ከት ብላ ሳቀች። ፊቷ ለእኔ ጭጋግ ነበር። ሳቋን ግን የትም ቢሆን አልስተውም፤ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ከመጨረሻው ወንበር ተነሥቶ መምህሩን ከሰሌዳው ላይ የሚያዞረው ሳቅ ነው።

«ጥሩምባ?» አልኩ።

«ማነሽ አንቺ? ይህን ስም የሚያውቅ ሰው ገና አለ እንዴ?»

ስሜን ነገርኳት። ልንሳሳም ስንጠጋ ግንባር ለግንባር ተጋጨን፤ ሁለታችንም የት እንዳለን አይታየንማ። ከትምህርት ቤት ከወጣን ወዲህ አልተገናኘንም። እሷ ተምራ ተምራ አሁን በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የሠራተኛ ቅጥር ክፍል ኃላፊ ሆናለች። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ትዳር ያዝኩ።

«ልጅሽ ናት? ምን ትሠሪያለሽ የኔ ልጅ?»

«የተማርኩት የማቀዝቀዣ ጥገና ነው፤ ቀዝቃዛ መጋዘን፣ የሱቅ ፍሪጅ፣ እንዲህ ያለውን። ሥራ ገና እየፈለግሁ ነው እትዬ።»

«እየፈለግሁ ነበር በይ» ብዬ ገባሁ። «ወሩ ሲብት እህቴ ሱቅ ትገባለች። የውበት ዕቃ ነው የምትሸጠው። መዳብ ቱቦ ስትበይድ ኖራ የጥፍር ቀለም ልትሸጥ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ከመቀመጥ ይሻላል።»

የልጄን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ እጇን ከክንዴ ላይ ስታነሣ ግን ተሰማኝ።

ጥሩምባ ነገሩ ገባት መሰለኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ለእሷ ዝቅ ማለት ለሌላው ሰው መጮህ ነው። «ለመሆኑ የሚያውቅሽ ባለሙያ የለም? ልምምድ የት ወጣሽ?»

«አይስክሬም ፋብሪካ። የጥገና ኃላፊው በሥራዬ ደስ ብሏቸው ‹ስትመረቂ ደውዪልኝ› ብለውኝ ነበር።»

«ደወልሽ?»

ልጄ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«የከለከልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰውየው ለወጉ ያለው ነው። ስልኳ አለው፤ ቢፈልጋት ይደውል ነበር። ተማርኩ የምትል ልጅ ሰው ስልክ ላይ ስትመላለስ ምን ትባላለች? ዓይን አውጣ ትባላለች! ደግሞስ ደውላ ‹አላውቅሽም› ቢላት?»

«እኔ ደግሞ ከጠረጴዛው ወዲያ በኩል ያለውን ልንገርሽ» አለች ጥሩምባ። «እኛም ጋ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች አሉ። ጎበዙን ‹ስትጨርስ ንገረኝ› እለዋለሁ፤ ከልቤ ነው። ከዚያ ማሽን ይሰበራል፣ ሰው ይታመማል፣ አለቃ ይቆጣል። ቦታ ሲከፈት ትዝ የሚለኝ ማን ነው? በቅርብ ጊዜ ድምፁን የሰማሁት። ዝም ያለውን ‹ሥራ ይዞ ነው፣ እሰይ› ብዬ እተወዋለሁ። ዝምታሽን ጨዋነት ነው ብሎ የሚተረጉምልሽ ሰው ቢሮ ውስጥ የለም እህቴ።»

«እየደወለ የሚያሰለችሽስ የለም?»

«ሞልቷል! አንዱ ፊቴን ሳልታጠብ ነው የሚደውለው። ስሙን ‹ማለዳ› ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ አላነሣለትም። መደወል ሌላ፣ መነዝነዝ ሌላ። መጀመሪያ አጭር የምስጋና መልእክት ነው። ከዚያ ሰውየው ባለው ቀን መደወል፤ ቀን ካልሰጠ ሳምንት ሁለት ሳምንት ታግሦ። ሲደወልም ‹ደህና ነዎት› ብቻ ብሎ መቅረት የለም፤ ማን እንደሆነች፣ የት እንዳያት፣ ምን መሥራት እንደምትችል ታስታውሰው። ሦስቴ ሞክራ መልስ ካጣች እግዜር ይስጥልኝ ብላ ትለፍ።»

«ልመና ነው እንጂ ምን ልዩነት አለው?»

«ለማኝ የሌለውን ነው የሚጠይቀው። ይቺ ያላትን ሙያ ይዛ ነው የምትሄደው።»

ክርክሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ፍርሃት ያስተማረኝ መልስ አያልቅብኝም። «ተስፋ አድርጋ ባይሆንላትስ? ልቧ ቢሰበርስ?» አልኩ።

የመለሰችልኝ ጥሩምባ ሳትሆን ልጄ ናት። «እማዬ፣ አሁንስ ያልተሰበረ ምን ቀረ? የጥፍር ቀለም ልሸጥ ነው እኮ።»

ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን እመልስለት ነበር።

«ደውዪ» አልኳት።

«አሁን?»

«አሁን። ጠብታው ሲለቅ እኔም ሐሳቤን እለውጥ ይሆናል።»

ደወለች። ሁለት የማያዩ ሴቶች ጆሯችንን አስጠግተን ተቀመጥን።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አምና ለልምምድ እናንተ ጋ የነበርኩት ልጅ ነኝ፤ ትልቁ ኮምፕሬሰር ሲያንኳኳ ከእርስዎ ጋር የፈታነው…»

«አንቺ! የኮምፕሬሰሯ ልጅ! የት ጠፋሽ?»

«ተመርቄያለሁ ጋሼ፤ ሥራ እየፈለግሁ ነው።»

«አዬ! እኔ እኮ ሥራ ያገኘሽ መስሎኝ ነው። ባለፈው ወር ሰው ቀጠርን። ስልኬን ከለወጥኩ ወዲህ ቁጥርሽም የለኝ፤ ይህቺ ልጅ ትደውል ይሆን ብዬ ነበር።»

ክፉውን አስቀድሞ መናገር ልማዴ ነው፤ ሲደርስም «አላልኩም?» እላለሁ። ያን ቀን ግን አላልኩትም። ይህኛው ክፉ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ እኔው ቤቴ ውስጥ አሳድጌዋለሁ።

ልጄ ስልኩን ትዘጋለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ይሁን ጋሼ፤ ሌላ ባለሙያ የሚፈልግ የሚያውቁት ቦታ ይኖር ይሆን?» አለች።

«ቆይ እስቲ… ቅዳሜ በስፖርት አዳራሹ የሥራ አውደ ርዕይ አለ። አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ይመጣል፤ አዲስ ቀዝቃዛ መጋዘን ሠርተዋል። የጥገና ኃላፊዋን አውቃታለሁ። እሱ ነው የላከኝ በያት። የሆነውንም ንገሪኝ፤ ዳግመኛ እንዳትጠፊ!»

ስልኩ ከመዘጋቱ እኔ ጀመርኩ። «አውደ ርዕይ? ግፊያ! ኪስ አውላቂ! ወረቀቷን ተቀብለው ዕቃ ይጠቀልሉበታል። ‹የመመዝገቢያ ክፈሉ› የሚል አጭበርባሪም አይጠፋም።»

«ግፊያው እውነት ነው፤ መድኃኒቱ በጠዋት መሄድ ነው» አለች ጥሩምባ። «ገንዘብ የጠየቃትን ጥላው ትሂድ፤ ሠራተኛ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። ወረቀቱም ያልሽው ልክ ነው፣ ብዙው ይጣላል። ለምን መሰለሽ? ልጆቹ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ አንዱ እየሮጡ እንደ ማስታወቂያ ይበትኑታል፤ ማታ ማን ማን እንደነበር ማን ያስታውሳል? እሷ የሚመጡትን ድርጅቶች አስቀድማ ትወቅ። ጥቂቱን ትምረጥ። ምን እንደሚሠሩ አጥንታ ትሂድና ታውራቸው፣ ትጠይቃቸው። ያነጋገራትን ሰው ስምና ስልክ ሳትይዝ እንዳትመለስ። በማግስቱ ደግሞ ትጻፍላቸው። አውደ ርዕዩ መተዋወቂያ ነው፤ ሥራው ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።»

በዚህ መሀል ነርሷ ጥሩምባን ጠራቻት። ልጄ የሁለታችንንም ስልክ መዘገበችልን። «እንደዋወል!» አልን፤ ሰው ሁሉ ሲለያይ እንደሚለው።

ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። «ከሩቅ ብቻ፣ ጠረጴዛ አጠገብ ብትደርሺ አላውቅሽም» ብላ አስምላኛለች። ስለዚህ ተመልካቾች የሚቀመጡበት ደረጃ ላይ ወጥቼ ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥኩ። ከታች የባንኮቹ ሰልፍ እንደ እባብ ተጠምዝዟል። ልጄ ሰልፉን አልፋ ጥግ ላይ ወዳለችው የመድኃኒት አከፋፋዩ ጠረጴዛ ሄደች። እዚያ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት የለበሰች ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። አወሩ። ልጄ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር ሣለች። ሴትየዋ ሳቀች።

አለቀ፣ ሳቀችባት፣ አልኩ በልቤ።

ልጄ ወደ እኔ ስትወጣ ጉንጯ ቀልቷል። «ምን አለችሽ? አትፈለጊም አለችሽ?»

«ፈተነችኝ። መጋዘኑ በቂ አልቀዘቀዘም ቢሉሽ መጀመሪያ ምን ታያለሽ አለችኝ። የበሩን ላስቲክ አልኳት፤ በሩ ካልገጠመ ማሽኑ ቀን ከሌት ቢሠራ ዋጋ የለውም ብዬ አየር እንዴት እንደሚገባ ሣልኩላት። ‹ዛሬ የመጣው ሁሉ ኮምፕሬሰር ይለኛል፤ ስለ በር የነገርሽኝ አንቺ ነሽ› ብላ ነው የሳቀችው።»

በማግስቱ ልጄ ለሴትየዋ አጭር መልእክት ላከችላት፤ አመስግና፣ ስለ በሩ ያወሩትን አስታውሳ፣ ትምህርቷን ጠቅሳ። መልስ አልመጣም። እኔ ምሳ ላይ አንድ ምክንያት፣ እራት ላይ ሌላ ምክንያት አወጣሁ፤ ጫማሽ አስጠልቷት ነው፣ ዘመድ አስገብታ ነው። ልጄ ሳህኑን እያጠበች፣ «ሳምንት ይሙላው፣ እደውላለሁ» አለች። ሞላ፣ ደወለች።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ!» አለች ሴትየዋ። «መስክ ላይ ሆኜ መልእክትሽን አየሁት፤ ስመለስ እመልሳለሁ ብዬ ረሳሁት። እንኳን ደወልሽ። የተግባር ፈተናው ሐሙስ ነው፤ ነይ።»

ስድስት ልጆች ተፈተኑ፣ ሁለት ተወሰዱ። ልጄ አንዷ ናት። አሁን በሙከራ ቅጥር ላይ ነች፤ ጠዋት ስትወጣ፣ በዚያ ብርድ ውስጥ የሳንባ ምች ይይዛታል ብዬ ሁለተኛ ሹራብ አስይዛታለሁ። ለአይስክሬሙ ፋብሪካ ጋሼ በተቀጠረችበት ዕለት ደውላ ነገረችው። እንደ አባት ደስ አለው፤ አስቸጋሪ ብልሽት ሲገጥማት ዛሬም የምትጠይቀው እሱን ነው። ከእሷ ጋር ለተመረቀች ጓደኛዋም፣ በአውደ ርዕዩ ያገኘችውን የሌላ ድርጅት ሰው ስልክ ሰጠቻት። ሥራ ለአንዱ ሲገኝ ለሌላው መንገድ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ እቤት ተቀምጦ የስልክ ጥሪ ለሚጠብቅ ግን መንገዱም አይታየው። ልጅ ያላችሁ፣ እንደ እኔ ሥጋታችሁን ጨዋነት እያላችሁ በልጃችሁ አፍ ላይ መቆለፊያ አታድርጉበት። «አይሆንም» የሚል ሰው ቢያጋጥም፣ ያው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ሌላው መሄድ ነው፤ «ሥራ ያገኘሽ መስሎኝ» የሚል ቃል ግን ያንገበግባል።

ለእህቴ ደውዬ ሱቁ እንደቀረ ነገርኳት። ትቀየማለች ብዬ ነበር፤ «እሰይ፣ እኔም ፍሪጄን የሚያይልኝ አገኘሁ» አለች። ስልኩ እጄ ላይ እያለ ጥሩምባ ትዝ አለችኝ። ለዚህ ሁሉ ያበቃችን ሴት፣ ነገሩ ምን ላይ እንደደረሰ አታውቅም። ደወልኩ።

«ምነው፣ ዓይንሽ ጠፋ እንዴ?» አለች ገና ስታነሣው።

«ዓይኔ ደህና ነው። ልጅቱ ሥራ ገባች!»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት፤ እልልታዋ እንደ ሳቋ ነው። ከዚያ ረጋ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ የምልሽ፣ ትምህርት ቤት ስንለያይ አንጠፋፋም ተባብለን አልነበር? ለምን ጠፋሽ?»

«አንቺ ትልቅ ቦታ ደርሰሽ ረስተሽኛል ብዬ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ባል ልጅ ይዘሽ ሞቆሻል፣ ለምን ልረብሽሽ ብዬ።»

ስንት ዓመት ነው እንዲህ፣ አንዳችን ለአንዳችን ጨዋ እንደሆንን፣ የባከነው?

«እሑድ እመጣለሁ» አለች።

ቅዳሜ ዕለት፣ ሐሳቧን ብትለውጥስ ብዬ ፈራሁ። ደወልኩላት።