ከኋላ ያለው ቀጭን ድምፅ

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ከነቀምቴ መናኸሪያ ጀምሮ ታክሲው ውስጥ ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። ከፊቴ ያሉት ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰውዬና ካሴቷን የሰጠችው ሴትዮ ናቸው።

«ኦቦ ታደሰ፣ አንድ ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሳምንት?»

«አዴ ጫልቱ፣ የእርስዎን ዘፈን በደንብ ላዳምጠው ብዬ ነው።»

«በዚያ እንደ ምድጃ በሚግለው ባለ አምፖል አምፕሊፋየር?»

«እሱ ካልሞቀ የሴት ድምፅ አያምርም።»

«የወንድስ?»

«የወንድማ ስልክም ይበቃዋል።»

ሳቀች።

«በትልቁ ሄድፎን ስሰማው ግን ከእርስዎ ኋላ ሌላ ቀጭን ድምፅ አገኘሁ። ከጫጫታው ጋር ላጥፋው? ዘፈኑ ጥርት ይላል።»

«ቀጭን? የሴት?»

«የሴት። ትንሽ እየዘገየች ትከተልዎታለች።»

«እህቴ ናት። የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ ነው የተቀዳው። ማይኩ አንድ ነበር፤ ታበላሽብኛለች ብዬ ‹ራቅ ብለሽ ቁሚ› ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አሁን የት አለች?»

«ሞታለች። ድምጿ የትም የቀረ አልመሰለኝም ነበር።»

«እንግዲያ አልነካውም።»

«የኔን ዝቅ ያድርጉልኝና እሷ ትሰማ።»

«ደካማ ድምፅ ከጫጫታው ጋር ይጠፋል እንጂ፣ በአንድ ማይክ ስለተቀዳችሁ የእርስዎ ሲቀንስ የእሷም ይቀንሳል።»

«እሺ፣ ያንን ሄድፎን ያውሱኛ።»

«እሱ ከቤቴ አይወጣም። ይምጡና ይስሙ፤ አምፖሉ እስኪሞቅ ብቻ መታገስ ነው።»

«ቶሌ፣ እሺ፣ አሁኑኑ! ሾፌር፣ ወራጅ አለ! ሁለት ነን!»

ቀጥሎ ያለው ጨለለቂ ሰፈር የኔ መውረጃ ነበር፤ ያችን ቀጭን ድምፅ እያሰብኩ ሳልወርድ አለፍኩት።