ከቫይትቬት ካርታ ላይ ስለተላጡት አረንጓዴ ስቲከሮች

ስም፦ ሜሉ ኃይለመስቀል
ዕድሜ፦ 24
የትውልድ ቦታ፦ ኦስሎ
አድራሻ፦ ኦስሎ፣ ሃውገንስቱዋ
ሥራ፦ የከተማ ፕላን ተማሪ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማርች 17 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.
ጉዳዩ፦ ንብረት በማበላሸትና በዛቻ የቀረበ አቤቱታ

ከአማርኛ ይልቅ ኖርዌጅኛ ይቀለኛል። ቃሌን በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ በኩል የሰጠሁት አብረውኝ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጡት እናቶች እንዳለ እንዲነበብላቸው ስለምፈልግ ነው። መርማሪዋ ይህንንም እንድትጽፍልኝ ጠይቄያለሁ።

አቤቱታ ያቀረበብኝን ሼቲልን አውቀዋለሁ። በቫይትቬት ያለውን የሱቆች መንገድ ለማደስ የነዋሪውን አስተያየት እንዲሰበስብ የተቀጠረ ድርጅት ሠራተኛ ነው። በፌብሩዋሪ ወር ዩኒቨርሲቲያችን መጥቶ ስለ ዕቅዱ ሲያስረዳ ተዋወቅን። በኋላ ደወለልኝና ስብሰባ የሚመጡት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች መሆናቸውን ነግሮኝ፣ «አንቺ የማይመጡትን አምጪልን» አለኝ። እሺ አልኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእናቴን ጓደኞች ለመንኳቸው። ቢሮና ሆስፒታል የሚያጸዱ፣ የዚያው የቫይትቬት ነዋሪዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተገኝተው አያውቁም። ሰባቱም መጡ።

ማክሰኞ ማርች 15 ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ከሱቆቹ አጠገብ ባለው አዳራሽ ተገኘን። የመንገዱ ትልቅ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። በር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አረንጓዴ ስቲከር ይሰጣል፤ ሰውም እንዳይነካበት የሚፈልገው ቦታ ላይ ይለጥፋል። በዕቅዱ መሠረት ከከተማው ባቡር፣ ከቴባነ ጣቢያው ስንወጣ የምናገኘው ጣራ ያለው መቀመጫ ፈርሶ የብስክሌት ማቆሚያ ይሆናል። ወይዘሮ ሐረገወይን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከባቡር ወርደው እዚያ ካላረፉ ሱቅ አይደርሱም፤ በበረዶ ጊዜ ሌላ የሚያርፉበት ቦታ የለም። ሌሎቹም ከሥራ ሲመለሱ የሚገናኙት እዚያው ነው። መቀመጫው እንዲቀር ሰባቱም ገና ሳይገቡ ተስማምተው ነበር።

ከዚያ ሁሉም ስቲከራቸውን ለወይዘሮ እታለም ሰጡ። በዕድሜ ታላቃቸው እሳቸው ናቸው። እኔም «እትዬ፣ ሁሉም የየራሱን ነው የሚለጥፈው» አልኳቸው። እሳቸው ግን «ቦታው አንድ አይደል እንዴ? አሁን ሰባታችን እዚህ ወረቀት ላይ ስንጋፋ ብንውል ደስ ይልሻል?» አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሰባቱንም መቀመጫው ላይ ለጠፏቸው።

ሼቲል አይቶ ኖሮ መጣ። «ይህ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ የሚቆጠረው እንደ አንድ ነው» ብሎ ስቲከሮቹን በጥፍሩ ይልጥ ጀመር። «ናይ»፣ አይሆንም አልኩት፣ በራሱ ቋንቋ። ብዙ ሆነን ስንሄድ ታላቃችን እንደሚናገርልን፣ የቀረው ሰው ዝም የሚለውም የሚናገረው አጥቶ ሳይሆን ተስማምቶ እንደሆነ አስረዳሁት። «ቆንጆ ባህል ነው» አለኝና መላጡን ቀጠለ። አንዱን ብቻ አስቀረ። ወይዘሮ ሐረገወይን አጠገቤ ቆመው ነበር። የተባለውን ሳልተረጉምላቸው ገብቷቸው፣ «ተይው ልጄ፣ እንሂድ» አሉኝ።

አልተውኩትም። ስድስቱን ስቲከሮች ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ መልሼ መለጠፍ ጀመርኩ። እሱ ካርታውን ይጠቀልል ገባ። እኔ በዚህ በኩል ያዝኩ። እሱ ወደራሱ ሳበ፤ እኔ አልለቀቅኩም፤ ተቀደደ። መቀመጫው ያለበት ቁራጭ እጄ ላይ ቀረ። ይዤው ወጣሁ። አልደበቅኩትም፤ ዛሬ ራሴ አምጥቼ መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ዝተሽበታል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ቁራጩን ይዤ ስወጣ ያልኩትን ቃል በቃል ተናግሬያለሁ። «አንድ በአንድ ካልክ፣ አንድ በአንድ ትሰማቸዋለህ» ነው ያልኩት። ይህ ዛቻ ከሆነ አሁንም እደግመዋለሁ።

በስሜት ተገፋፍተሽ ነው ወይ ተብዬም ተጠይቄያለሁ። ተናድጄ ነበር፤ የማደርገውን ግን አውቀው ነበር። ካርታው ከኮምፒውተር እንደገና ይታተማል፤ ወጪውን ክፈይ ከተባልኩ እከፍላለሁ። ሰው ጥሩልኝ ብሎ ለምኖ፣ የመጣውን ሰው ከካርታ ላይ የላጠ ግን እስካሁን በማንም አልተጠየቀም።

ዛሬ ጠዋት ሰባቱም አብረውኝ መጥተዋል። ኮሪደሩ ላይ ተመካክረው ወይዘሮ እታለም ስለ ሁሉም እንዲመሰክሩ ወስነው ነበር። እዚህ ፖሊስ ቤት አንዱ ስለ ሌላው መናገር እንደማይችል ነገርኳቸው። ወይዘሮ ሐረገወይን፣ «እኔ ምን እላለሁ? እሷ ያለችውን ነው የምለው» አሉኝ። «እሱኑ በራስዎ አፍ ይበሉት፣ እትዬ» አልኳቸው። ስለዚህ ሁሉም ለየብቻ ተጠርተው ቃላቸው በየስማቸው እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነብቦልኛል። «ቀደድኩ» ተብሎ የተጻፈውን «ተቀደደ» አስብዬ አስተካክያለሁ። ሌላው እንዳልኩት ነው፤ እውነት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሜሉ ኃይለመስቀል (ፊርማ)
አስተርጓሚ፦ ታደገ ዓምሃ (ፊርማ)
መርማሪ፦ ማርያ ሊንስታ (ፊርማ)

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ጥያቄዋ ተቀባይነት አግኝቷል። ሰባቱ ምስክሮች በየተራ ይገባሉ። ወይዘሮ እታለም እኔ መጨረሻ ልሁን ስላሉ፣ የመጀመሪያዋ ምስክር ወይዘሮ ሐረገወይን ገብተው ተቀምጠዋል።